ስለ ኢንተርኔት ስልክ አተካከልና ስለ ሥርዓቱ ጽሑፍ አጠባበቅ

በየአገሩ ላሉ አስተዳዳሪዎች፣ ለወረዳ ሹማምንትና ለባለ ሰፋፊ እርሻዎች የቀረበ

ለገበሬ ከዝናብና ከዘር ቀጥሎ የሚያስፈልገው በጊዜው የደረሰ ወሬ ነው። በ2012 ዓ. ም. የበረሓ አንበጣ በአገራችን ላይ በወረደ ጊዜ ይህን በዓይናችን አይተነዋል። የአንበጣ መንጋ ነፋስ የረዳው እንደ ሆነ በአንድ ቀን 130 ኪሎ ሜትር ሊጓዝ ይችላል፤ የአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር መንጋ በአንድ ቀን የሚያጠፋው እህል ለ35,000 ሰው የዕለት ምግብ ያህል እንደ ሆነ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት አስታውቋል። እንግዲህ መንጋው በጧት በአንዱ ወረዳ የታየ እንደ ሆነ፣ ወሬው ከቀትር በፊት ለጎረቤቱ ወረዳ መድረስ አለበት። ደብዳቤ ተረቅቆ፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ በመዝገብ ቤት ቁጥር ተሰጥቶት እስኪወጣ ድረስ ማሽላው ያልቃል።

ስለዚህ በግብርና ጽሕፈት ቤት ስልክ መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ በተፈለገ ጊዜ የሚጮኽ መሆን ይገባዋል። ዛሬ በብዙ መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ስልክ ደግሞ አባቶቻችን የሚያውቁት ዓይነት አይደለምና፣ ሹሙ መሣሪያውን በእጁ ባይፈታውም እንኳ አሠራሩን ማወቅ አለበት። አዛዥ ያላወቀውን ሥራ ሊቈጣጠር አይችልም።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ከሐረር እስከ አዲስ አበባ የተዘረጋው ስልክ በሽቦ ላይ የሚሄድ ድምፅ ነበረ። ስልኩ ራሱ ምንም አያውቅም ነበር፤ ዕውቀቱ ሁሉ በማእከሉ ነበረ፤ የስልኩንም ማንነት የሚወስነው ሽቦው በማእከሉ የገባበት ቦታ ነበረ። የኢንተርኔት ስልክ ግን ትንሽ ኮምፒዩተር ነው። የሰውን ድምፅ ብዙውን ጊዜ በየሰከንዱ 50 ቦታ እየቈረጠ፣ በቍርጡ ሁሉ ላይ እንደ ደብዳቤ አድራሻ እየጻፈ፣ ኮምፒዩተሮች በሚገለገሉበት በዚያው ገመድ ይልከዋል። ማን ማንን እንደ ጠራ፣ ማን እንዳነሣ፣ ማን እንደ ዘጋ የሚታወቅበት ሥርዓት ሲፕ ይባላል፤ ዛሬ የሚሠራበትም ደንብ በ1994 ዓ. ም. ታትሞ የወጣው ነው።

እንዲህ ያለው ስልክ ከሣጥኑ በወጣ ጊዜ እንደ አዲስ ተቀጣሪ ነው። የውስጥ ቁጥሩ ስንት እንደ ሆነ፣ የማን ጠረጴዛ እንደ ሆነ፣ ማእከሉ ወዴት እንዳለ፣ ለማእከሉ የሚናገረው የምሥጢር ቃል ምን እንደ ሆነ፣ ሰዓቱም ስንት እንደ ሆነ አያውቅም። ይህን ሁሉ የሚነግረው ሰው ወይም ጽሑፍ ያስፈልገዋል። ሰው የነገረው እንደ ሆነ በእጅ ተዋቀረ ይባላል፤ ባለሙያው በየክፍሉ እየዞረ፣ በየስልኩ ፊት ቁልፍ እየነካ፣ ወይም በኮምፒዩተር እየከፈተ አንድ በአንድ ይሞላዋል። ጽሑፍ የነገረው እንደ ሆነ ግን ስልኩ ራሱ ሄዶ የተጻፈለትን ያነብባል። ይህ ጽሑፍ ባለሙያዎች የማዋቀሪያ ፋይል ወይም ኮንፊገሬሽን ፋይል የሚሉት ነው።

በእጅ ማዋቀር በመጀመሪያው ቀን ቀላል ይመስላል፤ ጉዳቱ የሚታየው ኋላ ነው። ስሙን መጥቀስ በማያስፈልግ በአንድ ጽሕፈት ቤት 24 ስልኮች እንዲሁ በእጅ ተሠርተው ነበር። የሠራቸው ባለሙያ ወደ ሌላ ስፍራ ተዛወረ። ከጥቂት ወራት በኋላ የኢንተርኔቱ መስመር ሲለወጥ የማእከሉ አድራሻ አብሮ ተለወጠ፤ 24ቱም ስልኮች በአንድ ጧት ዝም አሉ። አዲሱን አድራሻ ለመሙላት የአስተዳዳሪው የምሥጢር ቃል አስፈለገ፤ ቃሉን የሚያውቅ ግን ከተዛወረው ሰው በቀር አልተገኘም፤ እርሱም ረስቶታል። ስልኮቹን ሁሉ እያጠፉ ከመጀመሪያው እስኪጀምሩ ድረስ የጽሕፈት ቤቱ ሰዎች ሦስት ሳምንት ያህል በግል ሞባይላቸው፣ በገዛ ገንዘባቸው ሲደውሉ ሰነበቱ። መሣሪያዎቹ በሞዴል 19 ገቢ ሆነው፣ በሞዴል 22 ለየሠራተኛው ወጪ ተደርገው፣ በንብረት መዝገብ አንዳች አልጐደለም ነበር። የጐደለው በመዝገብ ያልገባው ነገር ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል የሚለው የአባቶች ተረት ለዚህ ጉዳይ የተተረተ ይመስላል።

አሁን ጽሑፉ እንዴት እንደሚሠራ እንመልከት። ስልኩ በገመድ ከስዊቹ ጋር ሲገናኝ ኃይሉን ከዚያው ገመድ ይቀበላል፤ ይኸውም ስዊቹ ኃይል የሚሰጥ ዓይነት የሆነ እንደ ሆነ ነው፤ ያልሆነ እንደ ሆነ ለየስልኩ የራሱ መሰኪያ ይፈለጋል። ስልኩ ነፍስ በዘራ ጊዜ፣ እኔ ማን ነኝ፣ የምማረውስ ከማን ዘንድ ነው ብሎ በመረቡ ላይ ይጣራል። ዲ. ኤች. ሲ. ፒ. የተባለው አገልግሎት፣ ብዙ ጊዜ በራውተሩ ውስጥ የሚገኘው፣ አድራሻ ይሰጠዋል፤ ከአድራሻውም ጋር ጽሑፉ ያለበትን የሰርቨር ስም ይነግረዋል። ይህ ስም የሚጻፍበት ስፍራ በቁጥር የታወቀ ነው፤ የብዙ ሠሪዎች ስልኮች በአማራጭ ቁጥር 66 ይፈልጉታል፤ ሲስኮ በ150፣ ፖሊኮም በ160 የመፈለግ ልማድ አላቸው። ብዙ ጊዜ ስልኩ አልሠራ አለ ተብሎ ወደ ግምጃ ቤት የሚመለሰው ሌላ ጕዳት ሳይኖርበት በዚህ ቁጥር ስፍራ አንዳች ሳይጻፍ ቀርቶ ነው።

ስልኩ ወደ ሰርቨሩ ሄዶ የሚያነበው ሁለት ዓይነት ጽሑፍ ነው፤ አንዱ ለሁሉ የሚሆን፣ አንዱ ለእርሱ ብቻ የሚሆን። የቤተ ክርስቲያን ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ግጻዌው ለአብያተ ክርስቲያናት ሁሉ አንድ ነው፤ የዕለቱን ምንባብና ምስባክ ለሁሉም ይሠራል። ነገር ግን ደብሩ ሁሉ የራሱ ታቦት፣ የራሱ የንግሥ ቀን አለው፤ በዚያም ቀን የደብሩ ሥርዓት ይቀድማል። እንደዚሁም የማእከሉ አድራሻ፣ የሰዓቱ አቆጣጠር፣ የድምፁ አላላክ፣ የስልክ ማውጫው በጋራ ጽሑፍ ይገባሉ፤ የውስጥ ቁጥሩ፣ በመስታወቱ ላይ የሚታየው ስምና የምሥጢር ቃሉ በየግል ጽሑፍ ይገባሉ። ሁለቱ የተጣሉ እንደ ሆነ የግሉ ያሸንፋል። ከላይ ያልነው ጽሕፈት ቤት በዚህ ሥርዓት የተሠራ ቢሆን ኖሮ፣ የማእከሉ አድራሻ በተለወጠ ቀን በጋራው ጽሑፍ አንዲት መሥመር ታርማ፣ ስልኮቹ ጠፍተው ሲበሩ ሥራው በዚያው ጧት ባለቀ ነበር።

ይሁን እንጂ የጋራ ጽሑፍ ኃይል በስሕተትም ላይ ያው ነው። ከአንድ መጽሐፍ የሚቀዱ ጸሐፊዎች የመጀመሪያውን ጸሐፊ ግድፈት ሁሉ ይዘው እንደሚሄዱ፣ በጋራው ጽሑፍ የገባች አንዲት የጐደለች ነጥብ ስልኮችን ሁሉ ዝም ልታሰኝ ትችላለች። ስለዚህ አስተዋይ ባለሙያ አዲሱን መሥመር መጀመሪያ በአንድ ስልክ የግል ጽሑፍ ይሞክረዋል፤ የሠራ እንደ ሆነ ወደ ጋራው ያስገባዋል፤ የቀድሞውንም ጽሑፍ ቀን ጽፎበት ሳይሰርዝ ያስቀምጠዋል። በዬሊንክ ስልኮች የጽሑፉ የመጀመሪያ መሥመር የዓይነቱን ቁጥር የምትናገር ናት፤ ጀማሪ ሰው ትርጕም የሌላት መስላው ይሰርዛታል፤ እርሷ የሌለች እንደ ሆነ ስልኩ የቀረውን አይቀበልም። እንግዲህ ያልገባንን አንሰርዝ።

የግሉ ጽሑፍ ስም የሚሰየመው በሰው ስም ወይም በክፍል ቁጥር አይደለም። ስልክ ሁሉ ከፋብሪካው ሲወጣ ባለ 12 ምልክት መለያ ይዞ ይወጣል፤ ማክ አድራሻ ይሉታል፤ በጀርባውና በሣጥኑ ላይ ተለጥፎ ይገኛል። የመጀመሪያዎቹ 6 ምልክቶች የሠሪውን ፋብሪካ፣ የቀሩት 6 ያንኑ አንዱን ስልክ ያመለክታሉ። ጽሑፉ በዚህ መለያ ይሰየማል፤ ሲስኮ በፊቱ 3 ፊደል ይጨምራል፤ ፖሊኮም ደግሞ የራሱ ጽሑፍ ላልተገኘለት ስልክ ሁሉ በ12 ዜሮ የተሰየመ ጽሑፍ ይዞ ይጠብቃል። እዚህ ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል። መለያው የሚጻፈው ከ0 እስከ 9 ባሉት ቁጥሮችና በላቲን ፊደል ከኤ እስከ ኤፍ ባሉት 6 ፊደላት ብቻ ስለ ሆነ፣ ክብ ሆኖ የሚታየው ሁሉ ዜሮ እንጂ ኦ የተባለው ፊደል አይደለም፤ 8 እና ቢ ደግሞ በትንሹ የታተሙ እንደ ሆነ ዓይንን ያሳስታሉ። አንዳንዱ ሰርቨር ትልቁንና ትንሹን የላቲን ፊደል ለይቶ ያያል፤ ዬሊንክ በትንሹ፣ ሲስኮ በትልቁ ይጠይቃል። በእጅ ከመገልበጥ ይልቅ በሣጥኑ ላይ ያለውን ባርኮድ በማንበቢያ መሣሪያ ማስገባት ይሻላል፤ ሞባይልም ይህን ይሠራል።

ስለ ስምም አንድ ነገር እንበል። በመስታወቱ ላይ የሠራተኛውን ስም በፊደላችን ለማየት ሁላችንም እንወድዳለን፤ ነገር ግን በስልኩ ውስጥ የግእዝ ፊደል ያልተቀረጸበት እንደ ሆነ በስሙ ፋንታ ባዶ ሣጥን ያሳያል። ስለዚህ ከመግዛት በፊት በአንዱ ላይ ማስሞከር ይገባል። የግድ በላቲን የሚጻፍ ከሆነ ደግሞ አጻጻፉ ለጽሕፈት ቤቱ ሁሉ አንድ ይሁን፤ አንዱ ጸሐፊ የወይዘሮ ፀሐይን ስም በቲ፣ ሌላው በኤስ የጀመረው እንደ ሆነ በማውጫው ውስጥ አንዲት ሴት ሁለት ሆና ትገኛለች።

ሰዓቱ ከሁሉ ይልቅ ክርክር ያስነሣል። ስልኩ የሚያሳየው በፈረንጅ አቆጣጠር ስለ ሆነ ከጧቱ 2 ሰዓት ላይ 8 ብሎ ይታያል። የአገራችን ሰዓት ከዓለም መነሻ ሰዓት በ3 ይቀድማል፤ በጋራው ጽሑፍ ይህ በ3 መቅደም ፈንታ በ3 መዘግየት ተብሎ የተጻፈ እንደ ሆነ፣ ስልኩ በትክክል የእኛን ሰዓት ያሳያል፤ ቀኑም እንደ አባቶቻችን ልማድ በንጋት ይለወጣል። ዘዴው ደስ የሚያሰኝ ነው፤ ሆኖም እኛ አንመክረውም። ጥሪው በስልኩ አንድ ሰዓት፣ በማእከሉ መዝገብ ሌላ ሰዓት ተጽፎ ሲገኝ፣ የወሬውን መድረሻ ለማጣራት የሚቀመጥ ሰው ይሳሳታል። ይልቁንም የሚያሳስበው ሌላ ነው። ብዙው የኢንተርኔት ስልክ መብራት በጠፋ ጊዜ ሰዓቱን ይረሳል፤ በበራ ጊዜ ሰዓት ከሚሰጥ ሰርቨር ይጠይቃል። ያ ሰርቨር በኢንተርኔት ያለ እንደ ሆነና መስመሩ የተቋረጠ እንደ ሆነ፣ ስልኩ የብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይቀራል፤ ያን ጊዜ የሰርቨሩን የምስክር ወረቀት ገና ቀኑ ያልደረሰ መስሎት አልቀበልም ሊል ይችላል። ስለዚህ ሰዓት የሚሰጠው መሣሪያ በጽሕፈት ቤቱ ግቢ ውስጥ ይሁን።

ወደ ምሥጢሩ ነገር እንለፍ። የስልኩ የምሥጢር ቃል በግሉ ጽሑፍ ላይ የተጻፈ ነው። ጽሑፉ በቲ. ኤፍ. ቲ. ፒ. የተላከ እንደ ሆነ፣ ይህ መንገድ ቀላልነቱ የተመሰገነ ቢሆንም፣ ጠያቂውን ማን ነህ አይለውም፤ የሚልከውንም አይሸፍነውም። በስልኩ ጀርባ የተለጠፈውን መለያ ያነበበ ማንኛውም ሰው ላፕቶፕ ይዞ ቢገባ ጽሑፉን ጠይቆ ይወስደዋል። እንግዲህ የተሸፈነው መንገድ፣ ኤች. ቲ. ቲ. ፒ. ኤስ. የሚባለው፣ በስምና በምሥጢር ቃል ተጠብቆ ይሠራበት። የፋብሪካው የአስተዳዳሪ ስምና የምሥጢር ቃል በስልኩ መጽሐፍ ታትሞ ዓለም ሁሉ ያወቀው ስለ ሆነ በመጀመሪያው ቀን በጋራው ጽሑፍ ይለወጥ። የውስጥ ቁጥሩ 201 ለሆነ ስልክ 201ን የምሥጢር ቃል ማድረግ ቤትን ዘግቶ ቁልፉን በበሩ ላይ መስቀል ነው።

ይህ ከንቱ ፍርሃት አይደለም። ማእከሉ ለኢንተርኔት በግልጥ የተከፈተ እንደ ሆነ፣ በባሕር ማዶ ያሉ ሌቦች በመኪና ኃይል ሌሊትና ቀን የውስጥ ቁጥሮችንና የምሥጢር ቃሎችን እየሞከሩ ይፈልጉታል። የገቡ እንደ ሆነ ቅዳሜ ማታ፣ ሰው በሌለበት ሰዓት፣ ዋጋቸው ከፍ ወዳለ የውጭ አገር ቁጥሮች ይደውላሉ፤ ከዋጋውም ድርሻ ይቀበላሉ። ሒሳቡ የሚመጣው ለጽሕፈት ቤቱ ነው፤ የሚከፈለውም ለዘርና ለመድኃኒት ከተመደበው በጀት ይሆናል። ለውጭ አገር ጥሪ የማያስፈልገው መሥሪያ ቤት ይህን በማእከሉ ያዘጋው፤ አስፈላጊ የሆነ እንደ ሆነ ለአንድ ወይም ለሁለት ቁጥር ብቻ ይፈቀድ።

የመስመሩ ስፋት በሁሉ ስፍራ አንድ አይደለምና የድምፁ አላላክም እንደ ስፍራው ይወሰን። ጂ. 711 የተባለው አላላክ ድምፁን ጥሩ አድርጎ ይሰጣል፤ ለአንድ ጥሪ በየአቅጣጫው በሰከንድ 87 ኪሎ ቢት ያህል ይወስዳል። ጂ. 729 ድምፁን ጥቂት ያጠብባል፤ ነገር ግን 31 ኪሎ ቢት ያህል ይበቃዋል። 10 ሰዎች በአንድ ጊዜ ወደ ዞኑ የሚነጋገሩ ከሆነ ልዩነቱ 870 እና 310 ነው። በሳተላይት የሚገናኙ ወረዳዎች ሌላ ችግር አለባቸው። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው ወረዳኔት ብዙ ወረዳዎችን ያገናኘው በሳተላይት ነበር፤ ያ ዓይነቱ ሳተላይት ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ርቆ ስለሚቆም፣ ቃል ወጥቶ እስኪወርድ ሩብ ሰከንድ ያህል ይፈጃል፤ ለመልካም ንግግር የተወሰነው ግን ከሰከንድ 150 ሺሕኛ እጅ እንዳይበልጥ ነው። በዚህ መስመር የሚነጋገር ሰው ባልንጀራው ቃሉን ሳይጨርስ እንዳያቋርጠው ይታገሥ፤ ጽሑፍ ይህን ሊያርመው አይችልም።

በእኛ አሳብ ማእከሉ ራሱ በጽሕፈት ቤቱ ግቢ ቢቀመጥ ይሻላል። አስቴሪስክ የተባለው ነጻ ፕሮግራም በአንድ ተራ ኮምፒዩተር ላይ ተጭኖ ለአንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ሁሉ ያገለግላል፤ የውጩ መስመር ቢቋረጥም ከክፍል ወደ ክፍል መነጋገር አይቋረጥም። መብራት የጠፋ እንደ ሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የቀድሞው የሽቦ ስልክ ኃይሉን ከስልክ ማእከሉ ባትሪ ይቀበል ስለ ነበር በጨለማ ይጮኽ ነበር፤ የኢንተርኔቱ ስልክ ከመብራቱ ጋር ይሞታል። ስዊቹ፣ ራውተሩና ማእከሉ በአንድ ዩ. ፒ. ኤስ. ላይ ካልተቀመጡ ከላይ የተነገረው ሁሉ ዋጋ የለውም። የስልክ ገዢው ኮሚቴ ስልኮቹን በዝርዝር ጽፎ ዩ. ፒ. ኤሱን መርሳቱ የተለመደ ነው።

ሕጉንም ማወቅ ይገባል። በአዋጅ ቁጥር 281/1994 በኢንተርኔት ድምፅ ማስተላለፍ ጨርሶ ተከልክሎ ነበር፤ ቀጥሎ የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 ወጣ፤ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ደግሞ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ የፈቃድም ጉዳይ ለእርሱ ተሰጠ። በአንድ ግቢ ውስጥ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ መነጋገር አንድ ነገር ነው፤ ማእከሉን ከሕዝብ ስልክ ጋር ማገናኘት ሌላ ነገር ነው። ይህ ሁለተኛው ፈቃድ ካለው የቴሌኮም ድርጅት መስመሩን በውል ወስዶ የሚሠራ ነው። ባለ ሰፋፊ እርሻዎች ይህን ይልቁን ያስተውሉ፤ ርካሽ መስመር አመጣላችኋለሁ ብሎ የሚመጣውን ነጋዴ የፈቃዱን ወረቀት አስቀድመው ይጠይቁት።

ባለሙያ በተዛወረ ጊዜ ወይም ሥራው በውል ተሠርቶ ባለቀ ጊዜ፣ በርክክቡ ወረቀት ላይ ከስልኮቹ ቁጥር ቀጥሎ እነዚህ ይጻፉ፤ የጋራውና የየግሉ ጽሑፎች ቅጂ፣ ስልኩን ከነመለያው፣ ከነውስጥ ቁጥሩና ከነክፍሉ የሚያሳይ ዝርዝር፣ እንዲሁም በታሸገ ፖስታ የአስተዳዳሪው የምሥጢር ቃል። ፖስታው በገንዘብ ሣጥን ይቀመጥ፤ ቅጂው ሰርቨሩ ካለበት ክፍል ውጭ ይሁን፤ እሳትና ሌባ ሁለቱን በአንድ ጊዜ እንዳያገኙ። ቃሉ በተለወጠ ቍጥር ፖስታው ይለወጥ፤ የከፈተውም ሰው ቀኑን ጽፎ ይፈርም።

ሹሙም ርክክቡን ከመፈረሙ በፊት በዓይኑ ሊፈትነው ይችላል። ከስልኮቹ አንዱን ራሱ ይምረጥ፤ ባለሙያው ወደ ፋብሪካው ሁኔታ ይመልሰው፤ ገመዱም ይነቀልና እንደ ገና ይሰካ። ከዚህ በኋላ ማንም ቁልፍ አይንካ። ጽሑፉ በሥርዓት ከተቀመጠ ስልኩ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ቁጥሩንና ስሙን ይዞ ይነሣል፤ ከሌላው ክፍልም ሲደወልለት ይጮኻል። ያልተነሣ እንደ ሆነ ሹሙ ሦስት ጥያቄ ይጠይቅ፤ አድራሻ አግኝቷልን? ጽሑፉን ከሰርቨሩ ጠይቋልን? ለማእከሉስ የምሥጢር ቃሉን ተናግሮ ተቀብሎታልን? የሦስቱም መልስ በራውተሩ፣ በሰርቨሩና በማእከሉ መዝገብ ከነሰዓቱ ተጽፎ ይገኛል፤ ባለሙያው ያንን መሥመር ከፍቶ እስኪያሳይ ድረስ ፊርማው ይቆይ።